ነፍስ የሌላቸው የቤት እንስሳት፦ ፓሮ አቆስጣና የጆይ ፎር ኦል ድመት ሲመዘኑ

ፓሮ አቆስጣ የተባለውን የባሕር እንስሳ ግልገል፣ ጆይ ፎር ኦል ደግሞ ድመት መስለው የተሠሩ፣ አረጋውያን እንዲያቅፏቸው የሚሸጡ ሮቦቶች ናቸው። ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። እቤት ውስጥ ለሚጦሩ፣ የመርሳት በሽታ ለያዛቸው አንድ ሰው ከሆነ የሚገዛው፣ የጆይ ፎር ኦል ድመት ይበቃል፤ ለዚያ ፓሮን መግዛት ገንዘብ መበተን ነው። ብዙ አረጋውያን በሚኖሩበት መጦሪያ፣ ያውም ሥራዬ ብሎ የሚይዘው ሠራተኛ ከተመደበለት፣ ፓሮ ዋጋውን ያወጣል። ጤነኛ ሆኖ የሥራ ውጥረት ብቻ ያስመረረው ሰው ግን ሁለቱንም ይለፋቸው። የእሱ ችግር ተቀምጦ በሚሻሸው ዕቃ የሚፈታ አይደለም።

ሁለቱም የሚሸጡት «የእንስሳ ወዳጅነት፣ ያለ እንስሳ ጣጣ» በሚል ተስፋ ነው። ተስፋው የቱ ጋ እውነት፣ የቱ ጋ ወሬ እንደሆነ ለመለየት መጀመሪያ ነፍስ ያለው እንስሳ ለሰው ጤና የሚያደርገውን ማወቅ ይጠይቃል። ሻጮች ይህን አያብራሩም፤ በውሻና በድመት ላይ የተገኘውን ውጤት እንዳለ ወስደው የሮቦቱ ማሸጊያ ላይ ይለጥፉታል።

የቤት እንስሳና የልብ ጤና ጉዳይ ጎልቶ የወጣው በ1980 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኤሪካ ፍሪድማንና ባልደረቦቿ አሜሪካ ውስጥ በልብ ሕመም ሆስፒታል ገብተው የወጡ 92 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታተሉ። እንስሳ ከነበራቸው 53 ሰዎች 3 ሞቱ፤ ካልነበራቸው 39 ሰዎች ደግሞ 11። ቁጥሩ አፍ ያስይዛል። ሆኖም ሰዎቹ እንስሳ እንዲያሳድጉ በዕጣ የተመደቡ አልነበሩም፤ ውሻ ማሳደግ የቻለ ሰው ቀድሞውኑም ጠንከር ያለ ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2013 ባወጣው መግለጫ ውሻ ማሳደግ ከልብ በሽታ ስጋት መቀነስ ጋር ሊያያዝ እንደሚችል ተቀበለ፤ ይሁንና ለዚህ ዓላማ ብሎ እንስሳ ማምጣት እንደማይገባ እዚያው ላይ ጽፏል። ይህችን ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር ማስታወቂያ ላይ አታገኟትም።

ከዚህ ይልቅ ሚዛን የሚደፋው በ2001 የታተመው የካረን አለን ሥራ ነው። የደም ግፊት ያለባቸው 48 የአክሲዮን ደላሎች ሁሉም ሊሲኖፕሪል የተባለውን መድኃኒት ጀመሩ፤ ግማሾቹ በዕጣ ተለይተው ውሻ ወይም ድመት ማሳደግ ያዙ። ከስድስት ወር በኋላ ቁጭ ባሉበት ሲለኩ መድኃኒቱ የሁለቱንም ወገን ግፊት አውርዶታል። ልዩነቱ የመጣው የሚያስጨንቅ ሥራ ሲሰጣቸው ነው፤ እንስሳ ያላቸው ሰዎች ግፊት ሽቅብ የወጣው በጣም ባነሰ መጠን ነበር። እንግዲህ እንስሳ የክኒን ምትክ አይደለም። ጭንቀት ሲመጣ ሰውነት እንዳይደነግጥ ያለዝባል እንጂ ግፊቱን ከሥሩ አያወርድም።

በ2019 የወጣው የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጥናት ደግሞ ይህን ማለዘብ የሚያመጣው ምን እንደሆነ ይጠቁማል። 249 ተማሪዎች በአራት ተከፈሉ። አንዱ ወገን ለ10 ደቂቃ ድመትና ውሻ በእጁ ደባበሰ፤ ሌላው ሰልፍ ላይ ቆሞ የሚደባብሱትን አየ፤ ሦስተኛው የእንስሳት ፎቶ ተመለከተ፤ አራተኛው ዝም ብሎ ጠበቀ። የጭንቀት ሆርሞን የሚባለው ኮርቲሶል ቀንሶ የተገኘው በእጃቸው በነኩት ላይ ነው። ማየት አልበቃም። የእነዚህ ሮቦቶች ጉዳይ የቆመው እዚህ ነጥብ ላይ ነው፤ ዋናው ነገር መንካት ከሆነ፣ የሚነካው ነገር የግድ ነፍስ ይኑረው ወይ?

ፓሮ

ፓሮ ነጭ የአቆስጣ ግልገል የመሰለ ሮቦት ነው። 57 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ 2.7 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ጭን ላይ ሲያርፍ አዲስ የተወለደ ሕፃን ያህል ይከብዳል። ጃፓናዊው መሐንዲስ ታካኖሪ ሺባታ ምርምሩን የጀመሩት በ1993 ነው። ጃፓን ውስጥ በ2005 ለገበያ ቀረበ፤ በ2009 ደግሞ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በሁለተኛ ምድብ የሕክምና መሣሪያነት ተቀበለው። ከአሻንጉሊት መደብ የወጣው በዚህ ምክንያት ሲሆን ዋጋውም አብሮ ወጥቷል። በአንድ ፓሮ ሒሳብ በርካታ ደርዘን የጆይ ፎር ኦል ድመቶች ይገዛሉ።

ለምን አቆስጣ? ሺባታ መጀመሪያ ድመትና ውሻ ሞክረው ነበር። ሰው ሁለቱንም ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ሮቦቱን ከእውነተኛው ጋር እያስተያየ ቅር ይለዋል። የአቆስጣ ግልገል አቅፎ የሚያውቅ ሰው ግን ስለሌለ «እንዲህ አይደለም የሚያደርገው» የሚል አይመጣም። በእኛ ግምት ከዕቃው ሁሉ ብልሃት ያለበት ይህ ምርጫ ነው፤ አእምሯቸው ገና ንቁ ለሆነ አረጋዊ ፓሮን ከድመቷ የሚያስመርጠውም እሱ ነው። ድምፁ ከእውነተኛ የአቆስጣ ግልገል የተወሰደ ነው። ቀጭን ጩኸት ስለሆነ አንዳንዱ ሰው የሕፃን ልቅሶ መስሎት ይረበሻል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ የሰውየውን ፊት ማየት ያስፈልጋል።

ከጸጉሩ ሥር መነካትን የሚለዩ ሴንሰሮች ሰውነቱን አዳርሰዋል፤ ጺሙም ይነካል። ድምፅ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ይለያል፤ ብርሃን፣ ሙቀትና የተያዘበትን ሁኔታም ያውቃል። በአንገቱ ይዞራል፣ የፊትና የኋላ መቅዘፊያዎቹን ያንቀሳቅሳል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ይገልጣል። ደባብሰው ያመሰገኑትን እንቅስቃሴ ይደግማል፤ ሲመታ ያደረገውን ይተዋል፤ የሚጠራበትን ስምም ይለምዳል። የሞተሩ ድምፅ እምብዛም አይሰማም፤ ድመቷን በግልጽ የሚበልጣት በዚህ ነው።

የመማር ችሎታው መጦሪያ ውስጥ ጣጣ ያመጣል። የጠዋቷ ተረኛ «ነጩ»፣ የማታው ተረኛ «ልጄ»፣ አረጋውያኑ ደግሞ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ስም ከጠሩት ስሙን ሳይለምድ ይቀራል፤ ሲጠራ አይዞርም፤ ከዚያ «ተበላሸ» ተብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። አንድ ስም ይውጣለት፣ ስሙ በካርድ ተጽፎ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ይለጠፍ፣ ሁሉም በዚያ ይጥሩት።

ቻርጀሩ ሕፃን አፉ ውስጥ የሚይዘውን የጎማ ጡት ይመስላል፤ አፉ ላይ ይሰካል። ሲያዩት ያምራል፤ ቁም ነገርም አለው፤ አረጋዊቷ ቻርጅ ሲደረግ ቢያዩት «እየተመገበ ነው» ይላሉ እንጂ በገመድ የታሰረ መሣሪያ አያዩም። ችግሩ፣ አፉ ክፍት ሲሆን ምግብ ሊያጎርሱት የሚሞክሩ መኖራቸው ነው። ፍርፋሪና ፈሳሽ የቻርጀሩ መገናኛ ላይ ከደረሰ ኃይል መሙላት ያቆማል። ስለዚህ በምግብ ሰዓት ፓሮ ከጠረጴዛው አካባቢ መጥፋት አለበት።

ስለ ውጤቱ የተሻለ መረጃ ያለው አውስትራሊያ ውስጥ በዌንዲ ሞይል መሪነት ተሠርቶ በ2017 ከወጣው ጥናት ነው። በ28 መጦሪያዎች የሚኖሩ፣ የመርሳት በሽታ ያለባቸው 415 ሰዎች ተሳትፈዋል። አንዱ ወገን ለ10 ሳምንት፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ለ15 ደቂቃ ፓሮ ተሰጠው። ሁለተኛው ወገን ያንኑ ፓሮ አገኘ፤ ነገር ግን ውስጡ ያለው ሮቦት ጠፍቶ፣ ማለትም ዝም ያለ አሻንጉሊት ሆኖ ነበር። ሦስተኛው የተለመደውን እንክብካቤ ብቻ አገኘ። ፓሮ የተሰጣቸው ሰዎች ከተለመደው እንክብካቤ ወገን ይልቅ ስሜታቸውም መቁነጥነጣቸውም ተሽሎ ተገኘ። ከአሻንጉሊቱ ጋር ሲነጻጸር ግን ፓሮ የበለጠው በአንድ ነገር ነው፤ ሰዎቹ ይበልጥ ያዩታል፣ ይበልጥ ያናግሩታል።

ይህ ውጤት ለገዢ ትልቅ ትርጉም አለው። የሚፈለገው እጅ ሥራ ይዞ ሰውየው እንዲረጋጉ ብቻ ከሆነ፣ ከብድ ያለ፣ ጸጉሩ የለሰለሰ ተራ አሻንጉሊት አብዛኛውን መንገድ ይወስዳል። ሞተሩና ሴንሰሩ የሚገዙት ጨዋታ ነው። ለወራት ቃል ያልወጣቸው እናት ድንገት ከሮቦት ጋር ማውራት ቢጀምሩ፣ ለቤተሰብ ያ ቀላል ነገር አይደለም፤ ግን ገንዘቡ የሚወጣው ለዚህ መሆኑን ዐውቆ መግባት ይሻላል።

ኒውዚላንድ ውስጥ 40 የመጦሪያ ነዋሪዎችን ይዞ በ2013 የወጣ ጥናትም አለ። ፓሮ ያገኙት ሰዎች ብቸኝነት ካላገኙት አንጻር ቀንሷል። የሚገርመው እዚያው ግቢ የሚኖር እውነተኛ ውሻ ነበር፤ ነዋሪዎቹ ግን ከውሻው ይልቅ ሮቦቱን አብዝተው ነኩ፣ አብዝተውም አናገሩ። ውሻ ደስ ሲለው ተነሥቶ ይሄዳል፤ ፓሮ ካስቀመጡት ቦታ አይነቃነቅም፣ እግር የለውም። ቴክሳስ ውስጥ 61 ሰዎች ላይ በተደረገ ሌላ ጥናት፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ ለ20 ደቂቃ፣ ሦስት ወር ሙሉ ፓሮ ሲሰጥ የጭንቀትና የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት አጠቃቀም ቀንሶ ታይቷል። መጦሪያ ሒሳቡን ሊያሰላ የሚገባው በዚህ በኩል ነው። መድኃኒት መቀነስ ግን የሐኪም ውሳኔ ነው፤ አስታማሚ «አቆስጣው አረጋግቷቸዋል» ብሎ ክኒን ማስቀረት የለበትም።

ድመቷ

ጆይ ፎር ኦል በ2015 በአሻንጉሊት አምራቹ ሃዝብሮ ስም ወጣ፤ ከ2018 ጀምሮ ኤጅለስ ኢኖቬሽን የተባለ ራሱን የቻለ ኩባንያ ይዞታል። ውሻና ወፍም አለው፤ እዚህ የምንመዝነው ድመቷን ነው፤ ምክንያቱም ድመት ከተፈጥሮዋ ብዙ የምትተኛ፣ ጥቂት የምትንቀሳቀስ ስለሆነች የሮቦቱ ውስንነት አይታይባትም። ሮቦት ውሻ ጭን ላይ ተቀምጦ ሲጮህ ሰው «ለምን አይነሣም?» ይላል፤ ድመት ተኝታ ብትውል ማን ይጠይቃታል።

የምትሠራው በአራት ትላልቅ የባትሪ ድንጋይ ነው፤ ሲ የሚባለው መጠን። በጉንጯ፣ በራሷና በጀርባዋ ስትነካ ትመልሳለች። ራሷን ታዞራለች፣ መዳፏን አንስታ ትልሳለች፣ ሚያው ትላለች፣ ሲብስ በጀርባዋ ተገልብጣ ሆዷን ትሰጣለች። ካልነኳት ትተኛለች። ከሁሉ የሚበልጠው ክፍሏ ግን ንዝረቷ ነው። ድመት ሲደላት የምታሰማው ኩርርታ ከድምፅ ጋር ከውስጥ እየነዘረ ይመጣል፤ ጭን ላይ ስትሆን በልብስ ውስጥ አልፎ ይሰማል። መስማት ለተሳነው ሰው ይህ ብቻውን ከፓሮ ያስመርጣታል።

ማብሪያዋ ሦስት ደረጃ አለው፦ ጠፍቶ፣ በርቶ፣ በርቶ ድምፅ የሌለው። ሌላ ሰው በሚተኛበት ክፍል ሦስተኛውን ተጠቀሙ።

ጉድለቷ ሞተሯ ነው። ስትገለበጥ የሞተሩ ጥርስ ሲዞር ቅጭጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ የመስሚያ መሣሪያ ጆሯቸው ላይ ያለ ሰዎች ደግሞ ጎላ ብሎ ይሰማቸዋል። ከጸጉሯ ሥር ያለው ገላዋም ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ ሲይዟት አጥንት ሳይሆን ሣጥን ትመስላለች። ቀጭን ብርድ ልብስ ሥሯ አንጥፎ ጭን ላይ ማስቀመጥ ድምፁንም ጥንካሬውንም ያለዝበዋል፤ ነገር ግን ብርድ ልብሱ መዳፏን ከሸፈነው ሞተሩ ሲታገል ይከርማል፣ ቶሎም ይበላሻል። ራሷና የፊት እግሮቿ ነፃ ይሁኑ።

ሌላው የሚታለፍ ነገር አያያዝ ነው። ቆዳችን፣ በተለይ ጸጉር ያለበት እንደ ክንድ ያለው፣ ዝግ ያለ መደባበስን የሚለዩ ቀጫጭን ነርቮች አሉት፤ ደህና አድርገው የሚነቁት አንድ ነገር በሰከንድ ከ1 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ፍጥነት ሲያልፍባቸው ነው። መዳፍ ብቻዋን ይህን አታገኝም። ስለዚህ ድመቷ ከፊት ለፊት ጠረጴዛ ላይ ከምትቀመጥ፣ የሰውየው ክንድ በጀርባዋ ላይ ተዘርግቶ፣ እጅጌ ተሰብስቦ ብትታቀፍ ይመረጣል። ፈጥኖ የሚያሻሽ ሰው ካለ፣ አስታማሚው እጁን ደርቦ ከአንገት እስከ ጅራት በዝግታ አንድ ሁለት ጊዜ ቢወስድለት እጁ ራሱ ይቀበለዋል።

አሰጣጥ

ከተበላሹት አጋጣሚዎች ብዙዎቹ የሚመጡት ከዕቃው ሳይሆን ከአሰጣጡ ነው። ሮቦቱ ጠፍቶ ከተሰጠ በኋላ ፊታቸው ማብሪያ መፈለግ ነገሩን ከጅምሩ ዕቃ ያደርገዋል። ሌላ ክፍል ውስጥ አብርታችሁ፣ እንደሚታቀፍ ሕፃን ይዛችሁ ግቡ። አጠገባቸው ተቀመጡ፤ ከላይ ቆሞ መስጠት ያስደነግጣል። ከዚያ «እማዬ፣ ይቺን እስኪ ትንሽ ይያዙልኝ» ማለት ብቻ ነው። «ድመት አመጣንልዎት» ማለት ውሸት ነው፤ «አሻንጉሊት ነው» ማለት ደግሞ አእምሯቸው ለደከመ ሰው ንቀት ሆኖ ይሰማል። «እውነተኛ ናት?» ብለው ከጠየቁ አትዋሹ፦ «አይደለችም፣ በባትሪ ነው የምትሠራው፤ ግን ሲደባብሷት ደስ ይላታል»። ብዙዎች ይህን ሰምተው ማቀፋቸውን ይቀጥላሉ። የማያስፈልጋቸውም ወዲያው ይመልሱታል፤ ያኔ ማስገደድ የለም።

ማታ ማታ የሚቁነጠነጡ ሰዎች ካሉ ሮቦቱ የሚሰጥበት ሰዓት መቁነጥነጡ ከመጀመሩ አንድ ሰዓት ያህል በፊት መሆን አለበት። ከተበሳጩ በኋላ መስጠት እንዲወረውሩት መጋበዝ ነው፤ 2.7 ኪሎ የሚመዝን ነገር እግር ላይ ሲወድቅ ደግሞ ይጎዳል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል። ቀኑን ሙሉ አጠገባቸው ከዋለ ከዕቃው አንዱ ይሆናል፣ ባትሪውም ያልቃል።

የባትሪው ማለቅ እንደ ቀላል አይታይ። ሮቦቱ እጃቸው ላይ ሳለ ዝም ሲል «ሞተብኝ» ብለው የሚያለቅሱ አሉ፤ ሐዘኑ እውነተኛ ሐዘን ነው። ለድመቷ ሁልጊዜ ሌላ አራት ድንጋይ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ፤ እንቅስቃሴዋ መዘግየት ሲጀምር፣ ሳትቆም፣ ከዓይናቸው ራቅ ብሎ ይቀየር። የሆዷን ክፍል ለመክፈት ካቻቪቴ ያስፈልጋል፤ ከድንጋዮቹ ጋር አንድ ከረጢት ውስጥ ይሁን። ለወር ያህል የማትፈለግ ከሆነ ድንጋዮቹ ይውጡ፤ ውስጥ ከቆዩ ፈሰው መገናኛውን ይበሉታል።

መጦሪያ ውስጥ አንዱ ሮቦት በብዙ ሰው እጅ ስለሚያልፍ ንጽሕናው የራሱ ሥርዓት ይፈልጋል። ሁለቱም ውኃ ውስጥ አይገቡም፤ ማጠቢያ ማሽን የሚባል ነገር አይታሰብም። የፓሮ ጸጉር ባክቴሪያን የሚከላከል ቢሆንም ምራቅና ምግብ ሲነካው መጽዳቱ አይቀርም። ተረጭቶ የሚወለወል ፀረ ጀርም ሳይሆን እርጥብ፣ የተጨመቀ መጥረጊያ ተጠቀሙ፤ ጸጉሩ በተኛበት አቅጣጫ ጥረጉ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ አበጥሩ። ጸጉሩ እርጥብ ሳለ ከታቀፈ ተጠቅልሎ ይደርቃል፤ ተጠቅልሎ የደረቀ ጸጉር ደግሞ ቆሻሻ ይይዛል፤ የነካውም ሰው ደስ አይለውም። ከሁሉ ቀላሉና ውጤታማው የሰዎቹን እጅ ከመያዛቸው በፊትና በኋላ ማጠብ ነው። ተላላፊ ተቅማጥ ወይም የቆዳ በሽታ ያለበት ሰው የራሱን ይያዝ፤ ድመቷ ርካሽ መሆኗ እዚህ ላይ ይጠቅማል።

ነፍስ ያለውን ለሚመርጥ

ሮቦቱ በንጽሕናና በደህንነት እንስሳን ይበልጣል፤ ይህን መካድ አይቻልም። የድመት አለርጂ የሚያመጣው ፕሮቲን ከምራቋና ከቆዳዋ ይወጣል፤ ድመቷ ከቤት ከወጣች በኋላም ለወራት ምንጣፍና ሶፋ ላይ ይቆያል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2009 ባወጣው ዘገባ በዚያ አገር ብቻ በዓመት ከ86 ሺህ በላይ ሰዎች በውሻና በድመት ሰበብ ወድቀው ጉዳት ይደርስባቸዋል፤ አብዛኛው በውሻ ነው፤ ወይ ገመዱ ይስባቸዋል፣ ወይ እግራቸው ሥር ይገባል። አጥንቱ የሳሳ አረጋዊ ቤት ውስጥ ቡችላ ማስገባት ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበዛል።

በመሐል ሌላ ምርጫ አለ፤ ሠልጥነው ከባለቤታቸው ጋር የሚመጡ ውሾች። አገልግሎቱን ስትመርጡ የውሻውን ቁንጅና ተዉትና ሥርዓቱን ጠይቁ። የአሜሪካ የጤና ተቋማት ኤፒዴሚዮሎጂ ማኅበር በ2015 ባወጣው ምክር ሆስፒታል የሚገባ ውሻ ቢያንስ አንድ ዓመት የሞላው፣ ባለፉት 90 ቀናት ጥሬ ሥጋ ያልበላ፣ ከጉብኝቱ በፊት ባለው 24 ሰዓት ውስጥ የታጠበ ይሁን፤ ጉብኝቱም ከአንድ ሰዓት አይለፍ ይላል። ጥሬ ሥጋ የተከለከለው ውሻው ራሱ ሳይታመም ሳልሞኔላ የተባለውን ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያ በዓይነ ምድሩ ሊያወጣ ስለሚችል ነው። እንዲህ ያሉ ውሾችን የሚመዘግበው ፔት ፓርትነርስ የተባለ ድርጅት የሚሰጠው ፈተና ውሻው በማያውቁት ሰዎች ሲከበብ፣ ከኋላው ሲገፋ፣ በቁጣ ሲጮህበትና ባልተቃና እጅ ሲደባበስ የሚያደርገውን ያያል። አምጪው ይህን የመሰለ ፈተና ያለፈበትን ወረቀት ካላሳየ፣ «በጣም ጨዋ ነው» የሚለውን ቃል ብቻ ይዛችሁ አታስገቡ። ጉብኝት ላይ ውሻው ደጋግሞ ሲያዛጋ፣ ከንፈሩን ሲልስ፣ ፊቱን ሲያዞር ደክሞታል ማለት ነው፤ የውሻ መንከስ ብዙውን ጊዜ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። ባለቤቱ ይህን አይቶ ካልወሰደው፣ እናንተ በቃ በሉ።

ብቸኝነትን በማቃለል ሮቦትና ውሻ እኩል የሆኑበት ጊዜም አለ። ሴንት ሉዊስ ውስጥ በሦስት መጦሪያዎች 38 ሰዎችን ይዞ በ2008 የወጣ ጥናት የሶኒን ሮቦት ውሻ አይቦን ከእውነተኛ ውሻ ጋር አወዳድሯል። ሁለቱም በሳምንት አንድ ጊዜ ለ30 ደቂቃ ሲመጡ ብቸኝነት ቀንሷል፤ በመካከላቸው ልዩነት አልተገኘም። እኛ ይህን ለሮቦቱ ማስረጃ አድርገን የምናነበው በጥንቃቄ ነው፤ ሁለቱንም ይዞ የሚመጣ ሰው ነበርና የሰውየው ድርሻ ስንት እንደሆነ ቁጥሩ አይናገርም። ለዚህ ነው ፓሮን ገዝቶ ሰው ያልመደበ መጦሪያ ግዢው አይጠቅመውም የምንለው።

ሮቦት ጨርሶ የማይሰጠው ነገር እንቅስቃሴ ነው። ውሻ ጠዋት በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ባለቤቱ ይወጣል፣ ይራመዳል፣ ጎረቤት ያገኛል። የልብ ጤና ላይ የሚታየው ጥቅም ከፊሉ ከዚያ ይመጣል። ስለዚህ መራመድ ለሚችል፣ መውደቅ ለማይፈራ፣ አለርጂ ለሌለው ሰው ድመቷን ገዝቶ መስጠት ወንበሩ ላይ እንዲቆይ ማድረግ ነው።

ማን አይግዛ? ድመት የሚፈራ ወይም ድሮ ድመት የነከሰችው ሰው፤ በቅርቡ የራሱ እንስሳ የሞተበት ሰው፤ «አሻንጉሊት ሰጡኝ» ብሎ ሊከፋ የሚችል ንቁ አእምሮ ያለው ሰው። ልጆቻቸው ለጉብኝት መምጣቱን በዚህ ለመተካት ያሰቡ ከሆነም ሻጩ ቢሸጥላቸው እንኳ አንመክርም።

ገዝተው የጀመሩ ውጤቱን በስሜት ሳይሆን በወረቀት ይከታተሉ። ዕቃው ከመምጣቱ በፊት ለ7 ቀን አንድ ነገር ብቻ ይቆጠር፤ ለምሳሌ ከምሳ በኋላ እስከ እራት ስንት ጊዜ «ቤቴ ውሰዱኝ» ብለው እንደተነሡ። ከዚያ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ 20 ደቂቃ ይሰጥ፤ ያው ነገር እየተቆጠረ ይመዝገብ። አራተኛው ሳምንት ላይ ቁጥሩ ካልወረደ፣ ሰዓቱ በሁለት ሰዓት ቀድሞ ሌላ ሁለት ሳምንት ይሞከር። አሁንም ካልወረደ ድመቷ ለሌላ ሰው ትሰጥ፤ ፓሮ ከሆነም ሰው ወደሚፈልገው ሌላ ክፍል ይዛወር።